የሶፍትዌር ሰነድ መሣሪያዎች ንጽጽር፦ ከፍለጋ ምቾት እስከ ሰነድ ታማኝነት

የአንድ ሶፍትዌር ኮድ ሲሻሻል ስለ ኮዱ የተጻፈው ሰነድ አብሮ ካልታደሰ፣ አንባቢው የተሻረውን መመሪያ እንደ ጸና ይወስዳል። የኮድ ስሕተት ብዙውን ጊዜ በኮምፓይለር ወይም በሙከራ ይጋለጣል፤ የሰነድ ስሕተት ግን ተሰውሮ ይቆያል። ስለሆነም የሰነድ መሣሪያዎችን በሁለት መመዘኛዎች ማነጻጸር ተገቢ ነው፦ አንባቢው የሚሻውን በምን ያህል ቅለት ያገኛል? መሣሪያውስ በሰነዱና በኮዱ መካከል የተፈጠረውን ልዩነት ምን ያህል ያጋልጣል?

ከቀደምቶቹ መካከል የዩኒክስ መመሪያ ይጠቀሳል። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1971 የወጣ ሲሆን፣ የዚያ ወግ ወራሽ የሆኑት ገጾች ዛሬም በሊኑክስ ላይ «ማን» በተሰኘው ትእዛዝ ይነበባሉ። ገጾቹ አጫጭርና በቁጥር በተለዩ ክፍሎች የተደለደሉ ናቸው። ይሁንና ስለ «ፕሪንትኤፍ» የጠየቀ የሲ ፕሮግራመር በቅድሚያ የሚቀርብለት በክፍል 1 የሚገኘው የሼል ትእዛዝ ነው፤ የሲውን ፈንክሽን ለማግኘት ቁጥር 3ን መጨመር እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። የጂኤንዩ ፕሮጀክት ቴክስኢንፎ በአንጻሩ ሰነዱን «ቀጣይ»፣ «ቀዳሚ» እና «ወደ ላይ» በሚሉ ማያያዣዎች እንደ መጽሐፍ ያደራጃል፤ ከአንድ ምንጭም የሕትመትና የኮምፒዩተር ቅጂ ያወጣል። ወደሌለ ምዕራፍ የሚያመለክት ማጣቀሻ ሲያገኝ ቢያስጠነቅቅም፣ የጽሑፉን እውነትነት ከኮዱ ጋር አያመሳክርም።

ጃቫዶክና ዶክሲጅን ሰነዱን የሚያመነጩት ከኮዱ ጎን ከተጻፉ ማብራሪያዎች ነው። ቅርበቱ እድሳትን ያቀላል፤ ማብራሪያው በሜተዱ የሌለ ፓራሜትር ሲጠቅስም መሣሪያዎቹ ማሳወቅ ይችላሉ። ሆኖም ቀድሞ ባዶ እሴት ይመልስ የነበረ ሜተድ ስሕተት ወደ መወርወር ቢለወጥ፣ ያረጀው ዐረፍተ ነገር ሳይነካ ያልፋል።

ለፓይተን ሰነዶች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው ስፊንክስ ሁለቱን ወገኖች ያቀራርባል። ረጃጅም ትምህርታዊ ምዕራፎችን ከኮድ ማብራሪያዎች ጋር ያዋህዳል፤ ወደ ሌሎች ፕሮጀክቶች ሰነድ ያሻግራል፤ የተበጠሱ ሊንኮችንም ይፈትሻል። «ዶክቴስት» የተሰኘው ተጨማሪ ክፍል ሲካተት ደግሞ በሰነዱ ውስጥ ያሉትን ምሳሌዎች አስኪዶ ውጤታቸውን ያመሳክራል። በረስት ቋንቋ ይህ ልማድ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ በላይብረሪ ሰነድ ውስጥ ያሉ የኮድ ምሳሌዎች ከሌሎች ሙከራዎች ጋር በነባሪነት ይፈተናሉ።

ከንጽጽሩ እንደሚታየው፣ ለአሰሳ የተመቸ መሣሪያ ሁሉ ለእድሳት የተመቸ አይደለም። በአግባቡ የተያያዘ ግን ያረጀ ሰነድ አንባቢውን በፍጥነት ወደ ስሕተት ያደርሰዋል። የሰው ኃይሉ ውስን የሆነ ቡድን ሰነዱን ከኮዱ ጋር በአንድ ማከማቻ ቢያኖርና ምሳሌዎቹ በየለውጡ እንዲፈተኑ ቢያደርግ፣ ከስሕተቶቹ የተወሰኑትን ያለተጨማሪ ድካም ይደርስባቸዋል። አንድ ንድፍ ለምን እንደ ተመረጠ የሚያስረዳው ጽሑፍ ግን በየትኛውም መሣሪያ አይፈተንም። ይህን የመመርመር ኃላፊነት ኮዱን በለወጠው ባለሙያና ለውጡን በሚያጸድቀው ገምጋሚ ላይ ይወድቃል።