ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ድኻ ቤተ ሰብ ኑሮ

በነገሌ ቦረና «የኪራይ ቤት» ሲባል ብዙውን ጊዜ በሰው ግቢ ውስጥ በጭቃ የተመረገች፣ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል ማለት ነው። መጸዳጃውም የውሃው ቧንቧም የጋራ ነው። ከሻሸመኔ በክብረ መንግሥት አድርጎ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ የሚወርደው መንገድ በዚህች ከተማ ስለሚያልፍ፣ ከተማይቱም የጦር ሠፈር ስለ ነበረች፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ከገጠር የመጣውም ተማሪ ሁሉ ይህችኑ ክፍል ይፈልጋታል። ፈላጊው ሲበዛ ወደ ኋላ የሚቀረው ገቢው ያነሰው ቤተ ሰብ ነው።

መንግሥት ለእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመረዳት ያለፈውን መመርመር ያስፈልጋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ለምሳሌ በወር 40 ብር ይከፍል የነበረ ሰው 20 ብር ብቻ ይከፍል ጀመር። ይህ ለድኻው ትልቅ እፎይታ እንደ ነበረ ማንም አይክድም።

ይሁን እንጂ ሥራው ከግማሽ ላይ ቀረ። በ20 ብር ጣራ አይለወጥም፤ ስለዚህ የቀበሌው ቤት እያረጀ ሄደ። ግለሰብም ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለ ተከለከለ አዲስ ክፍል የሚጨምር ጠፋ፤ ቤተ ሰቡ ግን ይበዛ ነበር። በአንጻሩ የቪየና ከተማ አስተዳደር በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1923 እስከ 1934 ድረስ ከ60,000 የሚበልጡ መኖሪያዎች ሠርቶ በርካሽ አከራይቷል። ኪራይ መቀነስና ቤት መሥራት አብረው ሲሄዱ ውጤቱ ሌላ ነው።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሥራ ቤት መጨመሩ እውነት ነው። ነገር ግን ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ የሽያጭ ቤት ነው፤ ዕጣ የወጣላቸውም ብዙዎች መልሰው ያከራዩታል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የቤት ኪራይ ዐዋጅ ደግሞ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደነገገ። መልካም ሕግ ነው፤ ክፍል ግን አይሠራም።

በቆላው የችግሩ መልክ ልዩ ነው። በቦረና አርብቶ አደር ዘንድ ጎጆውን ከእንጨትና ከሣር የምትሠራው ሴቲቱ ናት፤ የወር ኪራይ የሚባል ነገር የለባትም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናቡ ለአምስት ወቅት ተከታትሎ ሲቀር ከብቱ አለቀ፤ ብዙ ሕዝብም ወደ ዱብሉቅ መጠለያ ተሰበሰበ። እንዲህ ያለ ቤተ ሰብ ወደ ያቤሎ ወይም ወደ ነገሌ ሲገባ፣ የገዛ ቤቷን ስትሠራ የኖረችው እናት የቀን ሥራ ባለማግኘቷ የወሩን ኪራይ ታጣለች። ኪራዩ በወር ሲቆጠር ገቢዋ ግን በቀን፣ እሱም ከተገኘ ነው።

በእኔ አስተያየት በእነዚህ ከተሞች መንግሥት ሊረዳ የሚገባው ተከራዩን ብቻ ሳይሆን፣ በግቢው አንድ ክፍል ሊጨምር የሚችለውን ባለቤት ጭምር ነው። (አከራይ ሁሉ ሀብታም ይመስለናል፤ ስንቷ ባልቴት ግን በአንዲት ክፍል ኪራይ ትኖራለች!) ለቆርቆሮ የሚሆን ብድር፣ ምስጥ እንጨቱን እንዳይበላው ለመሠረት የሚሆን ድንጋይ፣ የውሃ መስመርም ቢሰጠውና፣ እሱ በፈንታው ክፍሉን በተወሰነ ኪራይ ለችግረኛ ቤተ ሰብ ለማከራየት ቢዋዋል፣ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ለዚህ መነሻው በየቀበሌው ስንት የሚከራይ ክፍል እንዳለና በስንት ብር እንደሚከራይ መቁጠር ነው፤ ይህን ደግሞ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ የዕረፍት ሳምንት ሊፈጽሙት ይችላሉ።