አስተማማኝነትና አማራጭ መሣሪያ፦ አዲስ የቤት መኪና በመግዛት ውሳኔ ውስጥ ያለ የመለኪያ ችግር

አዲስ የቤት መኪና ለመግዛት የተነሣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጥያቄዎች መካከል ይቆማል። አንደኛው መኪናው ሳይበላሽ ስንት ዓመት ያገለግላል የሚል ነው፤ ሁለተኛው በመነሻው ዋጋ ላይ ገንዘብ ተጨምሮ የትኞቹ አማራጭ መሣሪያዎች ይገዙ የሚል ነው። በተለምዶ ሁለቱ እንደ ሚዛን ሁለት ሳህኖች ይታያሉ። ስክሪንና የጣሪያ መስኮት የበዛበት መኪና ብልሽቱም ይበዛል፣ ጠንካራ መኪና የፈለገ ሰው ባዶውን ይግዛ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሳህኖቹ የተለያዩ አይደሉም የሚል ነው። አስተማማኝነት ተብሎ የሚታተመው ቁጥር አማራጭ መሣሪያዎችን በውስጡ ይዟል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይፈቱ ከመሣሪያዎቹ ጋር ማመዛዘን አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር፣ ከሁሉ የከፋውን አደጋ ደግሞ ጨርሶ አለመቁጠር ይሆናል። ማስረጃዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት የመኪና ብልሽት ለረጅም ዘመን በአደባባይ ሲለካ ከቆየበት ከአሜሪካ ገበያ ነው። ዓመታቱም «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁጥሩ የሚቆጥረው ምንድን ነው?

ጄ ዲ ፓወር የተባለው የገበያ ጥናት ድርጅት ገዢዎች በብዛት የሚጠቅሷቸውን ሁለት ዓመታዊ ጥናቶች ያወጣል። አንደኛው መኪናው ከተገዛ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት የታዩትን ችግሮች ይመዘግባል፤ ሌላው የሦስት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን መኪናዎች ባለቤቶች ይጠይቃል። ሁለቱም ውጤታቸውን የሚገልጹት በ100 መኪናዎች ላይ በተመዘገቡ ችግሮች ብዛት ነው። በሦስት ዓመቱ ጥናት የኢንዱስትሪው አማካይ በ2024 190፣ በ2025 ደግሞ 202 ነበር።

በአማካይ ለአንድ መኪና ሁለት ያህል ችግር ማለት ስለሆነ ቁጥሩ ለሰሚው ያስደነግጣል። ይሁንና በዚህ አቆጣጠር ከስልክ ጋር አልገናኝ ያለ ስክሪን አንድ ችግር ነው፤ በአውራ ጎዳና መካከል ቀጥ ብሎ የቆመ ሞተርም አንድ ችግር ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከፍተኛውን የቅሬታ ድርሻ የያዙት ስክሪን፣ የስልክ ግንኙነትና የመሳሰሉት ናቸው። በተጨማሪም በሁለት መኪናዎች መካከል ያለው ልዩነት ደረጃ ሲወጣለት ከሚመስለው ያነሰ ነው። ለምሳሌ ያህል የአንዱ ሞዴል ውጤት 140፣ የሌላው 200 ነው እንበል። ችግሮቹ እርስ በርስ ሳይያያዙ በዘፈቀደ ይደርሳሉ ተብሎ በፖይሰን ሥርጭት ቢሰላ፣ ቢያንስ አንድ ችግር የሚያጋጥማቸው ባለቤቶች በመጀመሪያው 75 ከመቶ፣ በሁለተኛው 86 ከመቶ ይሆናሉ። በሠንጠረዡ ላይ አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ሊገኝ ይችላል፤ ከየሞዴሉ አንድ አንድ መኪና ይዘው ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ጎረቤቶች ግን ልዩነቱን ላያስተውሉት ይችላሉ።

ፎርድ በ2011 የደረሰበት ነገር ችግሩን በግልጽ ያሳያል። በ90 ቀኑ ጥናት በ2010 አምስተኛ የነበረው ኩባንያ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 23ኛ ደረጃ ወረደ። ለዚህ በዋናነት የተጠቀሱት ምክንያቶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ማይፎርድ ተች የተባለው አዲስ የንክኪ ስክሪን ነበር፤ ሁለተኛው በአነስተኞቹ መኪናዎቹ ላይ የገባው ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ስክሪኑ አሽከርካሪዎችን አበሳጨ፤ ኋላ የሶፍትዌር ማሻሻያ ወጣለት፣ በመጨረሻም በሌላ ሥርዓት ተተካ። ካምቢዮው ግን ለዓመታት የፍርድ ቤት ክርክር ሆኖ ቆየ። ባሕርያቸው እጅግ የተለያየ ሁለት ጉድለቶች በአንድ ቁጥር ውስጥ ገብተው እኩል ተቆጠሩ። በዚያ ዓመት ሠንጠረዡን አይቶ ከፎርድ የሸሸ ገዢ ትክክል ሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከምን እንደሸሸ ግን ቁጥሩ አልነገረውም።

የተገላቢጦሹ ስሕተት የበለጠ ያስፈራል። በ2011 ሞዴልነት የቀረበው የሀዩንዳይ ሶናታ በቅርጹም በዋጋውም የተወደደ የቤተሰብ መኪና ነበር። በ2015 መስከረም ወር ኩባንያው በአሜሪካ የተሸጡ ወደ 470,000 የሚጠጉ የ2011 እና የ2012 ሶናታዎችን ለእርማት ጠራ። በፋብሪካው ሞተሩ ሲቀረጽ የተረፈ የብረት ብናኝ የዘይት መተላለፊያውን ሊዘጋ፣ በዚህም ምክንያት የቢየላው ማረፊያ ዘይት አጥቶ ሊበላና ሞተሩ በጉዞ ላይ ሊነክስ እንደሚችል ታውቆ ነበር። ጉዳዩ በኋላ ወደ ሌሎች ሞዴሎች ሰፋ። በ2020 ኅዳር ወር ሀዩንዳይና እኅት ኩባንያው ኪያ መኪናዎቹን በወቅቱ ባለመጥራታቸው በተመሠረተባቸው ክስ ከአሜሪካ የትራፊክ ደኅንነት ባለሥልጣን ጋር በድምሩ እስከ 210 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ቅጣት ተስማሙ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። መኪናው በተሸጠበት ወቅት በ90 ቀን የሚሰበሰብ መጠይቅ ይህን ጉድለት ሊያይ አይችልም ነበር፤ የእርማቱ ጥሪ የመጣው የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች መኪናውን አራት ዓመት በላይ ከነዱት በኋላ ነው።

ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ስለ አሮጌ መኪና ገበያ ሲተነትን ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው አያውቅም ከሚል መነሻ ተነሥቷል። በአዲስ መኪና ገበያ፣ በተለይም ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ገና በተዋወቀበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ችግሩ ከዚያ ይለያል፤ የሽያጭ ሠራተኛውም ገዢውም እኩል አያውቁም። መረጃው ገና አልተፈጠረም። ከዚህ የሚከተለው ፍርድ የንግድ ስም አምላኪዎችን ላያስደስት ይችላል። የአንድ ሞዴል ሞተርና ካምቢዮ በምርት ላይ ስንት ዓመት እንደቆዩ ማወቅ በመኪናው አፍንጫ ላይ የተለጠፈውን ምልክት ከማወቅ የበለጠ ይጠቅማል። ጥሩ ስም ያለው ኩባንያም ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ከ2007 እስከ 2009 የተመረቱት ባለ አራት ሲሊንደር የቶዮታ ካምሪ መኪናዎች ዘይት ከመጠን በላይ የመብላት ችግር ታይቶባቸው ኩባንያው የተለየ የዋስትና ሽፋን ሰጥቷል።

የዘመድ ወሬና የናሙና ብዛት

ሪቻርድ ኒስቤትና ባልደረቦቹ በ1976 ባወጡት ጥናት ያቀረቡት ምናባዊ ገዢ በዚህ መስክ የታወቀ ምሳሌ ሆኗል። ሰውየው በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለቤቶች በሰጡት መረጃ ላይ ተመርኩዞ አንድ የስዊድን መኪና ሊገዛ ከወሰነ በኋላ፣ በግብዣ ላይ ያገኘው ሰው የዚያው ዓይነት መኪና ያለው ዘመዱ የደረሰበትን የብልሽት ታሪክ ይተርክለታል። በስታትስቲክስ አንጻር የተለወጠው በመቶዎች ላይ አንድ መጨመሩ ብቻ ነው። በገዢው ልብ ግን ያ አንድ ታሪክ ሠንጠረዡን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ምሳሌው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በገዢው ሞኝነት ለመሳለቅ ነው፤ ስላቁ ግን ሙሉ በሙሉ ተገቢ አይደለም። ተራኪው ስለ ብልሽቱ መደጋገም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ስለ ክብደቱ ግን ሠንጠረዡ የማይናገረውን ይናገራል። ምን እንደተሰበረ፣ የት እንደቆመ፣ ጥገናው ስንት ሳምንት እንደፈጀ፣ ኩባንያው ወጪውን እንደሸፈነ ወይም እንዳልሸፈነ ከእርሱ ይሰማል። ስለዚህ «ስንት ጊዜ ይደርሳል?» የሚለውን ከሠንጠረዡ፣ «ሲደርስ ምን ይመስላል?» የሚለውን ከተራኪው መውሰድ ምክንያታዊ ነው። ስሕተቱ የሚመጣው የመጀመሪያውን ጥያቄ ለተራኪው ማቅረብ ሲጀመር ነው።

አማራጭ ተብሎ የሚሸጠው ደኅንነት

ስለ አማራጭ መሣሪያዎች ሲወራ ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቆዳ ወንበርና ወደ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ነው። ነገር ግን የአንድ ቤተሰብ ሕይወት የሚመካበት መሣሪያ በዚያው ዝርዝር ውስጥ ተደባልቆ ሊቀርብ ይችላል። የአሜሪካ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም በ2016 የ31 መካከለኛ መኪናዎችን የፊት መብራት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለካ «ጥሩ» የሚል ውጤት ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ቶዮታ ፕሪየስ ቪ ነው። ይህም የሆነው ከሁሉ ውድ በሆነው ዕርከን ላይ፣ ያውም ተጨማሪ የቴክኖሎጂ ጥቅል ሲገዛለት በሚመጣው የኤልኢዲ መብራት ነው። ያው መኪና በመደበኛው የሃሎጅን መብራት ሲለካ «ደካማ» የሚለውን የመጨረሻ ደረጃ አገኘ። ስሙ አንድ፣ ሞተሩ አንድ፣ በሠንጠረዥ ላይ ያለው የአስተማማኝነት ውጤቱም አንድ ነው፤ በሌሊት የሚያየው ርቀት ግን በተገዛው ጥቅል ይወሰናል። ተቋሙ ከ2020 ጀምሮ ከፍተኛውን ሽልማቱን የሚሰጠው ተቀባይነት ያለው መብራት በሁሉም ዕርከኖች ላይ መደበኛ ሲሆን ብቻ እንዲሆን ያደረገው ይህን ለማረም ነው።

ተመሳሳይ ታሪክ ያላቸው ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። መኪና ሲንሸራተት ፍሬኑን በየጎማው ለይቶ በመያዝ አቅጣጫውን የሚያስተካክለው የመረጋጋት መቆጣጠሪያ ብቻውን በሚጓዝ መኪና ላይ የሚደርስን ገዳይ አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። እስከ 2012 ሞዴል ድረስ ግን በአሜሪካ ሕግ ግዴታ አልነበረም፤ በርካታ ገዢዎች ገንዘብ ለመቆጠብ ሲሉ ትተውታል። አደጋ ሲቃረብ በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓትም ከኋላ የመግጨት አደጋን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ እርሱም ለዓመታት ከጣሪያ መስኮትና ከቆዳ ወንበር ጋር በአንድ ጥቅል ታስሮ ይሸጥ ነበር። እንዲህ ባለው ጥቅል ፊት «መሣሪያ የበዛበት መኪና ይበላሻል» የሚለው ምክር ገዢውን ከጣሪያው መስኮት ብቻ ሳይሆን ከፍሬኑም ያርቀዋል።

እዚህ ላይ የሚረዳው መለያ መሣሪያው ኋላ ሊጨመር መቻሉ ወይም አለመቻሉ ነው። የድምፅ ማጉያ፣ የወንበር ልብስና ምንጣፍ በማንኛውም ጊዜ ይገጠማሉ። ከመኪናው ፍሬን፣ ካሜራና ኮምፒዩተር ጋር የተሳሰረ ሥርዓት ግን ከፋብሪካ ካልመጣ አይመጣም ማለት ይቻላል። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ መቀነስ ያለበት የቱ እንደሆነ ከዚህ ይገኛል።

ውስብስብነት ሁልጊዜ ደካማነት አይደለም

ብዙ ክፍል ያለው ነገር ብዙ የሚሰበርበት ቦታ አለው የሚለው ግምት የሒሳብ መሠረት አለው። እያንዳንዳቸው በዓመት አንድ ከመቶ የመበላሸት ዕድል ያላቸው፣ እርስ በርስ ያልተያያዙ አሥር መሣሪያዎች ቢጨመሩ፣ ቢያንስ አንዱ የመበላሸት ዕድሉ ወደ 9.6 ከመቶ ይደርሳል። ሆኖም ስሌቱ የሚሠራው አዲሱ ክፍል በነባሩ ላይ ሲጨመር እንጂ ነባሩን ሲተካ አይደለም። ኮንሱመር ሪፖርትስ በ2023 ባወጣው የአባላት ጥናት፣ በነዳጅና በኤሌክትሪክ ተጣምረው የሚሠሩ ሃይብሪድ መኪናዎች በነዳጅ ብቻ ከሚሠሩት በ26 ከመቶ ያነሰ ችግር ነበረባቸው፤ ከግድግዳ ሶኬት የሚሞሉት ሃይብሪዶች ግን 146 ከመቶ፣ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ደግሞ 79 ከመቶ የበለጠ ችግር ታይቶባቸዋል። በቶዮታ ሃይብሪድ ውስጥ ተለምዷዊው ካምቢዮ፣ የሞተር ማስነሻውና ዲናሞው ተወግደው ሥራቸውን ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችና አንድ የጥርሶች ስብስብ ይሠሩታል። በዚህ ላይ ቴክኖሎጂው ከ1997 ጀምሮ ሲሻሻል የቆየ ነው። በአንድ ጥናት ውስጥ እንዲህ የተራራቁ ውጤቶች መገኘታቸው የሚያመለክተው ወሳኙ የክፍሎች ብዛት ሳይሆን የንድፉ ብስለት መሆኑን ነው።

ዋስትና ይህን ሁሉ ያቀልላል የሚሉ አሉ። አከርሎፍም ዋስትናንና የንግድ ስምን ለመረጃ ጉድለት መድኃኒት ከሚሆኑ ተቋማት መካከል ቆጥሯቸዋል። ሀዩንዳይ ከ1999 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለሞተርና ለካምቢዮ የሰጠው የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል ዋስትና የኩባንያውን ስም የለወጠ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ዋስትና የጥገናን ወጪ ያስተላልፋል እንጂ በጉዞ ላይ የሚቆም ሞተር የሚያስከትለውን አደጋ አያስተላልፍም። ሙሉ ጥቅሙም ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ መኪናውን በአምስተኛው ዓመት ለመሸጥ ያሰበ ቤተሰብ ውሉን አስቀድሞ ቢያነብ ይበጀዋል።

ጥያቄው ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ

በኢትዮጵያ እስካሁን የተባለው በሌላ መልክ ይታያል። በአደባባይ የሚታተም የብልሽት ሠንጠረዥ ገዢው እጅ ላይ የለም። በምትኩ ለዐሥርተ ዓመታት የተጠራቀመ የጋራዥ ዕውቀት አለ፤ የቶዮታ አነስተኛ መኪናዎች ዋጋቸውን ይዘው የሚቆዩት መካኒኩ ስለሚያውቃቸውና መለዋወጫቸው ሶማሌ ተራ ስለሚገኝ ጭምር ነው። ይህ በራሱ የናሙናው ብዛት ያልተጻፈ ጥናት ነው፤ ከመጠይቁ ይልቅ የብልሽትን ክብደት ያውቃል ማለትም ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከታወቀ ወዲህ ግን ያ ዕውቀት ለአዲስ መኪና ገዢ የሚሰጠው እርዳታ ቀንሷል። አሁን የሚቀርቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ለጋራዡም ለገዢውም እንግዳ ናቸው። ከመካከላቸው ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ ተሠርተው፣ የስክሪናቸው ጽሑፍ በቻይንኛ ሆኖ የሚገቡ አሉ። በእነዚህ መኪናዎች ከላይ የተደረገው የስክሪንና የሞተር ልዩነት ራሱ ይናጋል። የአየር ማቀዝቀዣው፣ የመንዳት ስልቱ፣ አንዳንዴም የመብራቱ ማስተካከያ በስክሪኑ በኩል ስለሚታዘዝ፣ በአሜሪካ ሠንጠረዥ ቀላል ቅሬታ ተብሎ የሚናቀው ብልሽት እዚህ መኪናውን ከአገልግሎት ሊያስወጣው ይችላል፤ የሶፍትዌር ማሻሻያውም የተዘጋጀው ለሌላ አገር መረብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአዲስ አበባ ገዢ ከባትሪው ዕድሜ ቀጥሎ ሊጠይቀው የሚገባው የስክሪኑን ስፋት ሳይሆን ስክሪኑ ቢጠፋ መኪናው ይነዳ ወይስ አይነዳ፣ ከተበላሸስ የሚተካው ከየትና በስንት ጊዜ ነው የሚለውን ነው። ለዚህ መልስ የሚሆን መረጃ በከተማው ጋራዦች የሥራ ደብተርና በመለዋወጫ ነጋዴዎች የትዕዛዝ መዝገብ ላይ መጻፍ ጀምሯል፤ ብልሽትን በብዛት ብቻ ሳይሆን መኪናው በቆመባቸው ቀናት ቁጥር መዝኖ ማሰባሰብ በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናት ዐቅም የሚሠራ ሥራ ነው።