ጄል፣ ስፕሬይና ቤታዲን



ከጅቡቲ ከተማ፣ ከማህሙድ ሐርቢ አደባባይ ገበያም ሆነ ከባልባላ ሱቆች፣ የፀጉር ጄልና ስፕሬይ ገዝታችሁ የምትመጡ ብዙ ናችሁ። የማሸጊያው ጽሑፍ ግን በፈረንሳይኛ ወይም በዓረብኛ ነው። ከተዘረዘሩት ስሞች መካከል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፖሊቪኒልፒሮሊዶን፣ በአጭሩ ፒቪፒ ይባላል፤ እዚህ አገር ፔ ቬ ፔ ሲሉት ትሰማላችሁ።

ፒቪፒ በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተሠራ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ነው። በውኃና በአልኮል ይሟሟል። ፈሳሹ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀርና ፀጉርን እርስ በርሱ ያያይዛል። ሲታጠቡት ይለቃል። በራሱ ለቆዳ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ አለርጂ የሚያመጣውም አልፎ አልፎ ነው።

ይሁን እንጂ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ስለዚህ በባሕሩ ዳርቻ ወበቅ ይጣበቃል፣ አቧራም ይይዛል። የበጋው ደረቅ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እንደ ነጭ ቅርፊት ይረግፋል። በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትዞሩ ይህን ያየችሁበትን ልጅ ወዲያው ቆረቆር ብላችሁ አትመዝግቡ። መጀመሪያ ጭንቅላቱ በውኃና በሳሙና ይታጠብ። የጄል ቅርፊት ታጥቦ ይሄዳል። ከታጠበ በኋላ ክብ መላጣ ቦታ፣ የተሰባበረ ፀጉር ወይም ቅርፊት ካለ ወደ ክሊኒክ ላኩት። ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ስፕሬይ የሚያስፈራው በሌላ ምክንያት ነው። ቆርቆሮው ውስጥ ከፒቪፒው ጋር አልኮልና የሚቀጣጠል ጋዝ አለ። ቡና እየተፈላ፣ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጦ ፀጉር ላይ መንፋት እሳት ይጠራል። ቆርቆሮው ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ከደረሰበት ሊፈነዳ ይችላል፤ ፀሐይ ላይ ወይም በጋለ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይቀመጥ። ባዶ ቢሆንም እሳት ውስጥ አይጣል።

ቁስል የምናጸዳበት ቤታዲንም ይህንኑ ፒቪፒ ይዟል። በ1955 አሜሪካ ውስጥ ከአዮዲን ጋር ተዋሕዶ ተሠራ። ፒቪፒው አዮዲኑን ይዞ ቀስ በቀስ ስለሚለቀው እንደ ድሮው የአዮዲን ቲንክቸር አያቃጥልም። ጀርም የሚገድለው ግን አዮዲኑ ነው። ስለዚህ ስሙ ተመሳሳይ ነው ብላችሁ ጄል ቁስል ላይ አታድርጉ፤ አዮዲን የለውም፣ ሽቶና አልኮል ግን ሊኖረው ይችላል።

ቤታዲንንም ቢሆን ለአራስ ልጅ እትብትም ሆነ ገላ ያለ ጤና ባለሙያ ትእዛዝ አትቀቡ። አዮዲኑ በስስ ቆዳቸው አልፎ የእንቅርት ዕጢያቸውን ሥራ ያውካል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የእንቅርት ሕመም ያለበትም ሰው አስቀድመው ይንገሩን።

እሳት ያቃጠለው ሰው ካለ ጄል፣ ቤታዲን፣ የጥርስ ሳሙና አይቀባ። ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ አፍስሱበት። ውኃ በስንት ልፋት እንደሚቀዳ እናውቃለን፤ ለዚህ ግን አይቆጠብም። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በቀንም በሌሊትም አምጡት።