መሰንቆ፣ ድምፅ ማጉያና የግጥሙ ወርቅ

አንድ ምሽት ከሥራ ባልደረቦቻችን ጋር በጎንደር ከተማ ከአንድ ጠጅ ቤት ተቀምጠን ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋረጠ። የድምፅ ማጉያው ዝም አለ፤ አዝማሪው ግን መሰንቆውን አላቆመም። ሻማ እስኪበራ ድረስ በጨለማ የሰማነው ዜማ ቀድሞ ከሰማነው ያነሰ ነበር፤ ሆኖም ስንኙ ሁሉ ተለይቶ ይሰማን ጀመር። ከማዕዘኑ አንድ ሽማግሌ «ተቀበል!» ብለው ግጥም ሲሰጡም አዝማሪው ሳይደገምለት ተቀበለ። ድምፁ ሲያንስ ቃሉ የጎላው ስለ ምን ይሆን?

መሰንቆ ባለ አንድ አውታር ነው፤ አውታሩም ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ደጋኑ ሙጫ ካልታሸ ጭራ በጭራ ላይ ተንሸራትቶ ያልፋል። የታሸ ደጋን ግን አውታሩን ይዞ ይጎትታል፤ ውጥረቱ ከሰበቃው ሲበልጥ አውታሩ ያመልጣል፤ ወዲያውም እንደገና ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ 200 ጊዜ ቢፈጸም የ200 ሄርትዝ ድምፅ እንሰማለን። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልዝ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው ሥራው ይህንኑ እንቅስቃሴ በቫዮሊን ላይ አብራርቷል። አውታሩ እንዲህ በድንገት ስለሚያመልጥ ከ200 ጋር 400፣ 600 እያለ እስከ ሺዎች የሚደርስ የድምፅ ቤተሰብ ይወለዳል። ጆሮአችን ደግሞ ከ2000 እስከ 5000 ሄርትዝ ባለው ክልል እጅግ ንቁ ነው። ቀጭኑ አውታር ብቻውን አየር የመግፋት አቅም የለውም፤ ይህን የሚሠራለት በሳጥኑ ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው። ስለዚህ መሰንቆ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ድምፅ ከራሱ አለው።

ችግሩ ያለው ከቃሉ ላይ ነው። «ይበላል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ላልቶ ሲነገር ስለሚበላው ሰው፣ ጠብቆ ሲነገር ስለሚበላው ነገር ይናገራል (እዚህም ላይ ጽሑፉ አላዳነንም፤ በተለመደው አጻጻፋችን ማጥበቂያ ምልክት አይደረግምና!)። ልዩነቱን የሚያመጣው በዋናነት «በ» ላይ ከንፈሮቻችን ተገጥመው የሚቆዩበት ጊዜ ነው፤ እርሱም ከአንድ አሥረኛ ሰከንድ ብዙ አይርቅም። በሰምና ወርቅ ግጥም ወርቁ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው በዚህች አጭር ዝምታ ውስጥ ነው። ዝምታዋ በሌላ ድምፅ ከተሞላች ሰሙ ይቀራል፤ ወርቁ ይጠፋል።

ዝምታዋን ከሚሞሉት አንዱ የግድግዳው ማስተጋባት ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ዋላስ ሳቢን ባገኘው ቀመር መሠረት ድምፅ በ60 ዴሲቤል እስኪቀንስ የሚፈጀው ጊዜ በሰከንድ፣ የክፍሉ ይዘት በ0.16 ተባዝቶ ለጠቅላላው ድምፅ መጣጭ ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ቁመቱ 6፣ ወርዱ 5፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ባዶ የሲሚንቶ ክፍል መጣጭ ስፋቱ 5 ካሬ ሜትር ነው እንበል። ጊዜው 2.9 ሰከንድ ይሆናል፤ በአንድ አሥረኛ ሰከንድም ድምፁ የሚቀንሰው 2 ዴሲቤል ብቻ ነው። እያንዳንዳቸው 0.4 ካሬ ሜትር የሚመጥጡ 30 ሰዎች ሲገቡበት ጊዜው ወደ 0.85 ሰከንድ ይወርዳል፤ ቅናሹም 7 ዴሲቤል ይደርሳል። ጋቢ የለበሰ ታዳሚ ከሁሉ ይሻላል ብንል ቀልድ አይደለም።

ሁለተኛው እኛው ታዳሚዎቹ ነን። ጫጫታ በበዛበት ሰው ሳያውቀው ድምፁን ከፍ እንደሚያደርግ ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባር እ.ኤ.አ. በ1911 አሳይቷል። ማጉያው ሲጮኽ እኛ እንጮኻለን፤ እኛ ስንጮኽ ባለቤቱ ማጉያውን ይጨምራል። ማጉያው ደግሞ በቀጥታ የሚደርሰንን ድምፅና ማስተጋባቱን እኩል ስለሚያሳድግ ንጽጽራቸውን አያሻሽልም። ያለ ማጉያ የሚጫወት አዝማሪ ግን በተቀማጩ መካከል ይዘዋወራል፤ ርቀቱን በግማሽ ባሳጠረ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰን ድምፅ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፣ ማስተጋባቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን አዝማሪው ራሱ መስማት አለመቻሉ ነው። ካልሰማ ምኑን ይቀበላል?

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ፤ ማጉያውም ቀጠለ። ሽማግሌው ሌላ ግጥም ሰጡ፤ አዝማሪው በምልክት እንዲደግሙለት ጠየቀ። ደገሙለት። በሦስተኛው ጊዜ የድምፅ ማጉያውን መነጋገሪያ ትቶ መሰንቆውን እንደያዘ ወደ ሽማግሌው ሄደና ጆሮውን ወደ አፋቸው አስጠጋ።