የሰው ማሽን ፈትቶ መሥራት ያስከስሳል?

የደብረ ማርቆሱን ፖሊ ቴክኒክ ጨምሮ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ቴክኖሎጂ ቀድተው ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች እንዲያሸጋግሩ ይጠበቅባቸዋል። ሰልጣኙ ግን ቡሎን መፍታት ሲጀምር ሕግ የጣሰ እየመሰለው ይሰጋል።

ሲፈታ የሚገኘው

የበቆሎ መፈልፈያ እንውሰድ። ቺንጋው ይወልቃል፣ ፑሊው ይለካል፣ የኩሽኔታው ቁጥር ይነበባል፤ ከበሮው ላይ የተበየዱት ጥርሶች ርቀት በካሊፐር ተይዞ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ «ለምን እንዲህ ሆነ?» የሚለው ነው። በከበሮውና በወንፊቱ መካከል ያለው ክፍተት ከጠበበ ፍሬው ይሰባበራል፤ ከሰፋ ፍሬው ከቆረቆንዳው ሳይላቀቅ ያልፋል። ፑሊው ሲቀየር የከበሮው ፍጥነትም ይቀየራል። ሴንቲ ሜትሩን ብቻ የገለበጠ ሰው የመጀመሪያውን ሠሪ ስህተትም አብሮ ይገለብጣል። በእኔ እይታ ብዙው ቅጂያችን የሚደክመው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ የሚለው

በሕጋዊ መንገድ የገዛችሁትን ማሽን መፍታት በራሱ ጥፋት አይደለም። ዋናው ጥያቄ ፈጠራው እዚህ አገር ፓተንት አለው ወይ ነው፤ የውጭ ፓተንት ብቻውን ኢትዮጵያ ውስጥ አያስከለክልም። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት ለ15 ዓመት ይጸናል፤ ባለመብቱ አገር ውስጥ በአግባቡ እየሠራበት መሆኑን ካስረዳ 5 ዓመት ይጨመርለታል። በዚህ ጊዜም ቢሆን ለሳይንሳዊ ምርምርና ለሙከራ መጠቀም ይፈቀዳል። ወርክሾፕ ውስጥ መሞከርና አምርቶ ገበያ ማውጣት ለየቅል ናቸው።

የሚገርመው ደግሞ የአስገቢ ፓተንት ነው። ውጭ አገር ፓተንት የተሰጠው፣ ጊዜው ያላለፈ፣ እዚህ ግን ፓተንት የሌለው ፈጠራ ከሆነ፣ ወደ አገር ያስገባው ሰው እስከ 10 ዓመት መብት ሊያገኝ ይችላል። ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ግን በሥራ ላይ እያዋለው መሆኑን በየዓመቱ ማስረዳት አለበት። ሌላ አገር እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይታይም።

ክፍተቱን የሚያስተካክል አዲስ ማጥበቂያ ብትጨምሩበትስ? ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠውን የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት መጠየቅ ይቻላል።

የሚያስጠይቀው

የሌላውን የንግድ ምልክት ማሽኑ ላይ መለጠፍ ያስጠይቃል፤ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የወጣው ለዚህ ጥበቃ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ ሥራ ይጠበቃል፤ ብረቱን ለክቶ መሥራት ፕሮግራሙን ለመገልበጥ ፈቃድ አይሆንም። ከቀጣሪ ድርጅት ንድፍ ይዞ መውጣትም ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ እ.ኤ.አ. በ1974 የንግድ ምስጢር ሕግ ፈትቶ ከመመርመር እንደማያስጥል ሲናገር፣ በማይገባ መንገድ የተወሰደውን ለይቶታል። ለገበያ ከማምረታችሁ በፊት የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ስለዚያ ፈጠራ የተመዘገበ ነገር ካለ አጣሩ።