የሰማርያ ትረካና የመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት ትርጓሜ

በሕፃንነቱ ተጠምቆ ያደገ ክርስቲያን መንፈስ ቅዱስን ተቀብሏል ወይስ ገና ይጠብቃል? ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት በ80 ቀን አጥምቃ ወዲያው ቅብዐ ሜሮን ትቀባለች፤ የመንፈስ ቅዱስ ሀብትም በዚሁ ምሥጢር እንደሚሰጥ ታስተምራለች። የጴንጤቆስጤ አብያተ ክርስቲያናት በበኩላቸው የመንፈስ ጥምቀት ከዳግም ልደት የተለየና በልሳን የሚገለጥ መሆኑን ያስተምራሉ።

ሁለቱም ወገኖች የሐዋርያት ሥራ 8፥14-17ን በማስረጃነት ያቀርባሉ። በሰማርያ በውኃ የተጠመቁት ሰዎች መንፈስ ቅዱስን የተቀበሉት ጴጥሮስና ዮሐንስ መጥተው እጃቸውን በጫኑባቸው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ትርጓሜ በሐዋርያት እጅ፣ ሁለተኛው በጊዜው ልዩነት ላይ ያተኩራል።

የቆርኔሌዎስ ታሪክ (10፥44-48) ግን ለሁለቱም ፈታኝ ነው፤ መንፈስ ቅዱስ የወረደው እጅ ሳይጫን፣ ከውኃው ጥምቀት በፊት፣ ስብከቱ ገና ሳያልቅ ነውና። ይሁን እንጂ ጴጥሮስ ውኃው ቀርቷል አላለም፤ እንዲጠመቁ አዘዘ። በሰማርያም ሐዋርያት የውኃው ጥምቀት ብቻውን ይበቃል ብለው አልተዉአቸውም።

ስለዚህ ከሁለቱ ትረካዎች አንድ ወጥ ቅደም ተከተል ማውጣት አይቻልም። ጸንቶ የሚታየው የውኃውና የመንፈሱ አለመነጣጠል ነው፤ የሁለቱ ወገኖች ውይይትም ከዚህ ቢጀምር የተሻለ መሠረት ያገኛል።