ፕሩፍን ከመጨረሻው ጀምሮ መፈለግ

«አረጋግጡ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ ብዙዎቻችን የተሰጠውን ደጋግመን ጽፈን እዚያው ላይ እንቆማለን። ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ ትምህርቱ ስላልገባን አይደለም። ከአንድ መነሻ የሚወጡ መንገዶች ብዙ ናቸው፤ የትኛው እንደሚያደርሰን መነሻው ራሱ አይነግረንም። መደምደሚያው ግን አንድ ነው፣ ያውም ጥያቄው ላይ ተጽፎ ተሰጥቶናል። ታዲያ ለምን ከእሱ አንጀምርም? በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለዚህ ዘዴና ስለ አንድ አደጋው አስረዳለሁ።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የእስክንድርያው ፓፑስ ከሚፈለገው ተነሥቶ ወደ ኋላ መሄዱን አናሊሲስ፣ ከዚያ መንገዱን ገልብጦ ወደ ፊት ማስቀመጡን ሲንተሲስ ብሎ ለይቶታል። ጆርጅ ፖልያም በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጥያቄ አፈታት መጽሐፉ ይህንኑ በባልዲ ጥያቄ አስረድቷል። በሊትር ልናገረው፦ 4 እና 9 ሊትር የሚይዙ ሁለት ባልዲዎች ብቻ ይዘን ከወንዝ በትክክል 6 ሊትር እንዴት እናመጣለን?

ዝም ብሎ መሙላትና መድፋት ያደክማል። ከመጨረሻው እንነሣ። በትልቁ ባልዲ 6 ሊትር እንዲቀር ከሙሉው 9 ላይ 3 መቀነስ አለብን። 3 ብቻ ለመቀነስ ደግሞ ትንሹ ባልዲ ውስጥ አስቀድሞ 1 ሊትር ቢኖር ይበቃል። 1 ሊትር ከየት ይመጣል? ከ9 ላይ 4 ሁለት ጊዜ ሲቀነስ። አለቀ! አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጦ መሥራት ብቻ ነው።

ወደ ክፍላችን ጥያቄ እንምጣ። ሀ እና ለ ከዜሮ የማያንሱ ቁጥሮች ከሆኑ

(ሀ + ለ) ÷ 2 ≥ √(ሀለ)

መሆኑን እናረጋግጥ። ወደ ኋላ ስንሄድ በየመስመሩ የምንጠይቀው «ይህን ለማለት ምን ቢኖረኝ ይበቃኛል?» ብለን ነው። ሀ + ለ ≥ 2√(ሀለ) ቢኖረን ይበቃል። ለዚያ ደግሞ (ሀ + ለ)² ≥ 4ሀለ ይበቃል። ለዚያም (ሀ − ለ)² ≥ 0 ይበቃል። የማንኛውም ቁጥር ስኩዌር ከዜሮ ስለማያንስ እዚህ ላይ እናቆማለን።

አደጋው ያለው «ምን ይበቃኛል?» በማለት ፈንታ «ከዚህ ምን ይከተላል?» ብለን የሄድን እንደሆነ ነው። ሁለቱ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ሀ = −1፣ ለ = −1 እናድርግ። የመጨረሻው መስመር 0 ≥ 0 ይሆናል፤ እውነት ነው። የመጀመሪያው ግን −1 ≥ 1 ይሆናል፤ ሐሰት ነው። መንገዱ የተቆረጠው ስኩዌር ያደረግንበት ቦታ ላይ ነው። ከ(ሀ + ለ)² ≥ 4ሀለ ተነሥተን ወደ ሀ + ለ ≥ 2√(ሀለ) መመለስ የቻልነው ሀ + ለ ከዜሮ ስለማያንስ ብቻ ነበር። ከመደምደሚያው ተነሥቶ እውነት የሆነ ነገር ላይ መድረስ ብቻውን መደምደሚያውን አያረጋግጥም ማለት ነው። ፈታኙ «የሚረጋገጠውን ተቀብለህ ተነሣህ» ብሎ ነጥብ ቢቀንስ ትክክል ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ወደ ኋላ መሄዱን በረቂቅ ወረቀት ላይ ጨርሱት። መልስ ወረቀቱ ላይ ግን ከ(ሀ − ለ)² ≥ 0 ጀምራችሁ ወደ ፊት ጻፉ፤ በየመስመሩም የተሰጠው የትኛው ቅድመ ሁኔታ እንዳሻገራችሁ ጥቀሱ። ሁለት ጊዜ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል የሚል አይጠፋም። ሲሮጡ የታጠቁት ግን ሲሮጡ ይፈታል።